የሃያ ደቂቃ ውሃ

አርብ። አሥራ አንድ ሰዓት። መሽቷል በእኛ አገር፤
በረዶ ይፈሳል ከወደቡ መብራት ሥር።
ገመዱን ፈትቼ፣ ሰንሰለቱን ስቤ
እቆማለሁ በሩ ላይ፣ ትኬቴን ሰብስቤ።
ራንዲ በዚህ ዳር፣ ሞተር ሳታጠፋ፣
ልጇን ትስማለች ቆቡ እስኪደፋ።
ቶርላይፍ በዚያ ዳር፣ መብራቱን አብርቶ
ይጠብቃል፣ ሳይወርድ፣ መስኮቱን ከፍቶ።
ሁለቱ አይገናኙም። በመካከላቸው
እኔና ባሕሩ ነን ልጅ አመላላሻቸው።

ስሙ አይቪንድ ነው፣ ሰባት ዓመት ሞልቶት፤
እዚያ አንድ ጥርስ ብሩሽ፣ እዚህ አንድ አለለት፤
ጫማው ግን አንድ ነው፤ እግር አይከፈል።
«ቤቴ» ብሎ ጀምሮ፣ «የቱ?» ሲሉት ዝም የሚል።

አውቃቸዋለሁ እኔ። የዛሬ አሥር ዓመት
በዚችው ጀልባ ነበር ሙሽሮች የመጡት፤
ቆርቆሮ አስረው ነበር ከመኪናው ጭራ፣
እየተንኳኳ ሲጎተት አዕዋፍ ሲያስፈራ።
ነፋስ ቬሏን ነጥቆ ከምሰሶ ሰቀለ፤
ወጥቼ አወረድኩት፣ ብርድ እጄን እያቃጠለ።
ባልና ሚስት ሲባል፦ እነዚህን እዩ፣
ካንድ ባሕር ተቀድተው በባሕር ተለያዩ።

ባለፈው መጸው ነው፣ አንዲት ተመራማሪ
ከኦስሎ መጣች፣ ጠያቂ፣ ቆጣሪ።
ኢንግቪልድ ትባላለች፣ ጨዋ ነው አንደበቷ፤
ሣጥን ሣጥን ያለው ቅጽ፣ እርሳስ ከጣቷ።
«ገንዘብ» ለብቻው ሣጥን፣ «መጠጥ» ለብቻው፣
«ሌላ ሰው»፣ «ጠብ»፣ «ሌላ»፤ ምልክት የሚሻው።
«ለምን ይፋታሉ? አንተ ታያለህና
ንገረኝ» አለችኝ።
                         ምን ልበላት እና?

ዓሣ ፋብሪካችን በታኅሣሥ ተዘጋ፤
ቶርላይፍ ሄደ ነዳጅ ሊያወጣ ከባሕሩ አልጋ፤
ሁለት ሳምንት እዚያ፣ አራት ሳምንት ቤት።
ሲመለስ ወንበሩ፣ የልጅ ልብስ ታጥፎበት፤
ራንዲ ቧንቧ ጠግና፣ ሒሳቡን ከፍላ፣
ቤት ያለ እሱ ማቆም ተምራ፣ ችላ።
እሱ ግን በቤቱ ማንኪያ የት እንዳለ
እንደ እንግዳ ጠየቀ። ቆይቶ ዝም አለ።
አልጮሁም። አልጠጡም። ሰው አልገባ መሃል።
ለዝምታ ሣጥን ቅጹ ላይ የት ይገኛል?

እሷ «ሌላ» ላይ ምልክት አደረገች፤
እርሳሷን ሸጉጣ ባሕሩን ተመለከተች።
«እኔም አርብ አርብ፣ በባቡር ነበርኩ» አለች።

ደግሞስ የሁለት ሰው ነው? ጉንቮር፣ የቶርላይፍ እናት፣
ገና በተራ ሆኖ ዘንድሮ ያልደረሳት፣
ካልሲ ሠርታ ላከች በእኔ እጅ፣ እንዲህ ብላ፦
«ይሄ ለልጁ ነው፤ ለእሷም ጥንድ አለ፣ ሌላ።»
«ምራቴ» አትል አሁን፤ «ሴትዮዋ» አትላት፤
ቃል አጥታ ለእሷ፣ በክር ጠራቻት።

ዛሬ ግን አይቪንድ፣ መሃል ባሕር ላይ፣
ፖም ሲገምጥ ጥርሱ ወለቀ። «እይ፣ እይ!»
ደም የነካው መዳፍ ዘረጋልኝ፣ ሥቆ፤
ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጠቆረ፣ ተጨንቆ።
በእኛ ወግ የወለቀ ጥርስ ውሃ ውስጥ ያድራል፤
ሲነጋ ብርጭቆው ሳንቲም ይዞ ያበራል።
«የማን ቤት ነው የሚያድረው? የማን ዳር ነው የወለቀ?
የእማማ? የአባባ?» ብሎ ጠየቀ።

ሰዓቴን አየሁ፦ አሥር አልፏል፣ አሥር ቀርቷል፤
ከሁለቱም ዳር መብራት እኩል ይታያል።
የወረቀት ኩባያ ውሃ ሞልቼ ሰጠሁት፤
ጥርሱን ጣል አደረገ። ከመስኮቱ አኖርኩት።
ኪሴን ዳበስኩ። ሳንቲም ጠፍቷል ከዓለም፤
ሁሉ በካርድ ሆኗል፣ ዝርዝር የሚይዝ የለም።
ከመሳቢያዬ ጥግ፣ ከትኬት መብሻዬ ሥር፣
አገኘሁ አንድ የቆየ፣ የሃያ ክሮነር።

«ገና አልነጋም እኮ» አለኝ። እውነት አለው።
«እንግዲህ እዚሁ ይደር፤ ስትመለስ ነው» ስለው
ጀልባዋ ዳር ነካች። ሻንጣውን ጎትቶ
ሄደ ወደ መብራቱ፣ ባዶውን ድድ በምላሱ ነክቶ።

ስምንት ጊዜ ተሻገረ በዚያ ሌሊት ያ ጥርስ፣
ከዚህ ወዲያ፣ ከዚያ ወዲህ፣ አንድ ጠብታ ሳያፈስ።