ስም የሌለው ቁልፍ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ረዳቱ «ወራጅ» ብሎ ከሚተወን ጭቃ ፊት፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የውሃው ቢሮ፤
ሊፍት አለው ይላሉ፣ በሩ በሚስማር ታጥሮ።
በዘንጌ እየዳሰስኩ ደረጃ እቆጥራለሁ፤
ሃምሳ አራት ናቸው፤
ሠላሳ አንደኛዋ ሽርፍ ናት፣ አውቃታለሁ።

ናሆም፣
ገጹን የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ።
ያምራል ብለው ቀለሙን ነገሩኝ፤
ሰማያዊ ነው አሉ፣ ዳሩ እንደ ጠዋት ሰማይ፤
እኔ በጆሮዬ ነኝ ገጽ የማይ።

ማዳመጫዬን ሰክቼ ስወርድ በመስመሩ፣
«ቁልፍ» ይለኛል። «ቁልፍ»። «ቁልፍ»። ማለቂያ የለው ቁጥሩ።
የምን ቁልፍ? የመላኪያ? የመመዝገቢያ?
ቤቱን ቁልፍ ሞልቶት፣ አንዲት የለም መግቢያ።
አንድ ቀን በግምት ብጫን፣ ሲነጋ የጀመርኩት
የስልሳ ቤት ንባብ፣ በአንድ ጣት ሰረዝኩት።

አለቃዬ አቶ ግዛቸው ደግ ሰው ናቸው፤
«አይዞህ፣ ዘርፌ ታንብብልህ» ማለት ይቀላቸው።
ዘርፌ ታነባለች። ደሞዜን ታነባለች፣
የብድሬን ተቀናሽ፣ የሕመም ፈቃዴን፣ ሁሉን ታውቃለች።
ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ግን ግድግዳው ቺፕውድ ነው፤
ኪሴን ከኔ እኩል ዘበኛውም አወቀው።

ባለፈው ሚያዝያ መጣህ። አጠገቤ ተቀመጥክ።
«ምን ላድርግልህ?» አልከኝ።
«ስም አውጣላቸው» ብልህ፣ ዝም ብለህ ቆየህ፤ ጻፍክ።
በሳምንቱ «መዝግብ» አለኝ፤ «ላክ» አለኝ፤ «ተመለስ»፤
እጄ ቤቱን ለመደ፣ ቀረለት መዳበስ።
መጀመሪያ ያደረግኩት፣ ማንም ሳያይብኝ፣
የይለፍ ቃሌን ቀየርኩት፤
ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ምስጢር ኖረኝ።

ይኸው ዛሬ ሰኞ፣ ገጹ «ታደሰ» አሉ።
ስሞቹ ግን የሉም፤ ታጥበው ሄደዋል ሁሉ።
በዚያ ላይ ይጠይቀኛል፦ «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ፤
የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ።»
እዚህ ሰፈር መብራት? ቦዩ እንኳ ክዳን የለውም፤
ክረምት ከገባ ሁለቴ ወድቄበታለሁ፤
ያንን አንተም ብትሆን፣ ገጽ አያድሰውም።

ዘርፌ ወንበሯን ሳበች። ጣቷ ፊደሉ ላይ ነው።
«ንገረኝ» አለች፣ «የይለፍ ቃልህ ምንድን ነው?»

ናሆም፣ ስሟ ነው።
ስሟን ነው የጻፍኩት፣ ከተቀጠረችበት ዓመት ጋር።

«ቆይ» አልኳት፣ «ናሆም ይምጣ።»
«አንድ ቃል ለመጻፍ?» ብላ ሳቀች።
ደረጃው ላይ ደንበኞች ያጉረመርማሉ፤
ጣቷ ይጠብቃል።