የጠረጴዛው ቁመት

የስንቱን ቀረሶ ቅርፊቱን ገፍፌ፣
የስንቱን አምባዛ ሆድ ዕቃ ዘርግፌ፣
አጥንቱን ከሥጋው በስለት ለይቼ
ለእርኩም እጥል ነበር እጄን ዘርግቼ።
አከርካሪ ማለት ለኔ ትርፍ ነገር፣
ለወፍ የሚወረወር፣ ከጣና ዳር።

ዘንድሮ ግን፣ ሰባት ወር ሲሞላኝ፣
የራሴው አከርካሪ በስሜ ጠራኝ።
«እንጉዳይ!» አለኝ። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፤
ቢላዋው በእጄ፣ ቀና ማለት ፈራሁ።

ሰው መቼም ምክር አያጣም።
አማቴ «ወንድ ነው» አሉ፣ «ሴት ወገብ አትይዝም።»
ዓሣ ገዢዋ «ብርድ ነው» ትላለች፣
ጎረቤቴ ጥላዬ «በቅቤ ይታሽ» አለች፣
የባጃጁ ልጅ ሳይቀር፣ በመስታወት አይቶ፣
«እናት፣ ቀስ ልበል?» ይለኛል፣ ጉድጓዱን ሁሉ መርጦ ገብቶ።

ሌሊት ሌላ ነው። ሌሊት ሐይቁም ይተኛል፤
እኔን በግራ ብዞር፣ በቀኝ ብዞር ይወጋኛል።
ይርሳው ብንን ይልና «ምን ልሁንልሽ?» ይላል፣
መልሴን ሳይሰማ መልሶ ያንኮራፋል።
አልፈርድበትም፤ ሳይነጋ መረቡ ይጠብቀዋል።

ሐሙስ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄድኩ።
ሲስተር ሙላቷ «ቁሚ» አለችኝ፤ ቆምኩ።
«ከጎን ልይሽ» አለች፤ ዞርኩ።
«አየሽ፣ ሆድሽ ወደ ፊት ይጎትትሻል፣
እንዳትወድቂ ብሎ ወገብሽ ወደ ኋላ ይለጠጣል።
ሰውነትሽም ለመውለጃው ቀን ካሁኑ ያስባል፣
የዳሌሽን ማሰሪያ፣ ጅማቱን፣ ቀስ በቀስ ያላላል።
በላላ ማሰሪያ ነው ይህን ሸክም የያዝሽው፤
ጥፋት አይደለም፣ ሥራ ነው የጀመርሽው።»

ሥራ!
ለካ ቆሜም ተኝቼም
ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ፈረቃ ላይ ነበርኩ፤
ይሄን የነገረኝ አልነበረም።

«በግራ ጎንሽ ተኚ፣ በጉልበቶችሽ መሐል ትራስ አግቢ፤
ዕቃ ስታነሺ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወገብሽን ተይው፤
ሲብስ ለብ ያለ ጨርቅ፤ ሲመሽ ጥቂት እርምጃ።
ግን ሕመሙ እንደ ማዕበል መጣ ሄድ ካለ፣ ደም ካየሽ፣
ትኩሳት ከያዘሽ፣ ሽንት ካቃጠለሽ፣
ነገ አትበዪ። በሌሊትም ቢሆን ነይ።»
ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ
«ጠረጴዛሽስ የት ድረስ ነው?» አለችኝ።
እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ።
ራሷን ነቀነቀች።

ስመለስ በዳር ዳሩ መጣሁ።
ጋሽ እንድሪስ ታንኳቸውን ከሾላው ግንድ አስደግፈው
ውሃዋን ያንጠፈጥፋሉ።
«ደንገል ቀን ሙሉ ሲቀዝፉበት ይጠጣል» አሉኝ፣
«ማታ ካላቆሙት ለነገ ይከብዳል።»
ወደ ሆዴ አዩና ዝም አሉ።
እኔም በወዲያኛው በኩል ጀርባዬን አስጠጋሁ፤
ጎን ለጎን ቆምን፣
እሷ ውሃዋን፣ እኔ ቀኔን
እያንጠፈጠፍን።

ማታ ለይርሳው ሁሉንም ነገርኩት።
መረቡን እየጠገነ «እህ» አለ፤
መስማቱን ተጠራጠርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ስገባ
ጠረጴዛዬ አድጎ ጠበቀኝ።
አራት እግር፣ አራት ጡብ፤
አንዱ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ኖራ የነካው፣
ከማን ግንብ እንደመጣ ባልጠይቅ ይሻላል።
ቢላዋዬን አነሳሁ። ሳልጎነበስ።
ሕመሙ አለ፣ አልሄደም፤
ግን አሁን እንደ ጎረቤት አንኳኩቶ ይገባል፣
እንደ ሰሞኑ በር አይሰብርም።

የመጀመሪያዋን ቀረሶ ቀደድኩ።
እርኩሙ አንገቱን አስግጎ ቆሟል።
«ቆይ» አልኩት፣ «ቆይ።»
አከርካሪዋን ከአንገቷ እስከ ጭራዋ
በጣቴ አንድ በአንድ ዳሰስኩ፤
እዚያው ቆሜ ሆዴ ውስጥ
አንዲት ትንሽ ጀርባ ዞር አለች።

ጠረጴዛው በተሰነጠቀው ጡብ በኩል ይወዛወዛል።
ማታ ለይርሳው እነግረዋለሁ።