ማን ያውቃል

«ስኳርህ» አለችኝ ሲስተር ፀዳለ፣
«ካምናው ዘንድሮ ጭራሹን ዘለለ።
ልሸነግልህ አልችል፣ ነገሩ ያስታውቃል፦
ወይ በእግር ትሄዳለህ፣ ወይ እግርህ ይሄዳል።»

በዚህ ሰበብ ነው፣ ጡረታ ወጥቼ፣
ዱላዬን ጨብጬ፣ ውሻዬን ጠርቼ
ጎሕ ሲቀድ የምወጣው።
መሐል ሜዳም ግራ ገባው፦
ሸክም የለው፣ ለገበያ አይደል፣ ለለቅሶ፣
ባዶ እጁን ወጥቶ፣ ባዶ እጁን ተመልሶ።
«ወዴት ነው?» ይሉኛል።
«የትም» ስላቸው
ከንፈር መጠው ያዝኑልኛል።

ውሻው «ማን ያውቃል» ነው ስሙ።
ያወጣሁለት ያኔ ነው፣ በድንበር ስንካሰስ፣
ከጎረቤቴ ጋር ፍርድ ቤት ስንመላለስ፤
ማታ ማታ ባጥሩ ሥር ቆሜ
«ማን ያውቃል!» እያልኩ ስጣራ ደጋግሜ
እንዲሰማኝ ነበር፣ እንቅልፍ እንዲያጣ።
እሱም ቡችላ ገዛ፤ «እናያለን» የሚል ስም አወጣ።
ኋላ ሰውየው ሞተ፤ መዝገቡም ተዘጋ።
የኔ ውሻ ስሙን እንደያዘ ቀረ፣
መላሽ ያጣ ነገር፣ ደጄ ላይ ያደረ።

ሚያዝያ ነው፤ የዳግም ትንሣኤ ማግስት።
የጓሳን አቀበት ስንወጣ ቀስ በቀስ
ከይፋት ቆላ ጉም ሽቅብ ሲገሰግስ፣
ነጎድጓድ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ፣
መጣ በረዶው፦ መጀመሪያ ምስር፣
ቀጥሎ ሽምብራ፣ ከዚያ ባቄላ፤
ተሸጎጥን ካለት ሥር፣
እኔና እሱ ባንድ ጋቢ፣
ልቡ ከጎኔ ሲመታ፣ ጠጉሩ እርጥብ እርጥብ ሲሸት።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ።
አንገቴን ሳወጣ የሚወርደው ሌላ ነው፤
ባዘቶ፣ የማይቸኩል፣ ነፋስ የሚያባብለው።
ስልሳ ሦስት ዓመት በዚሁ ደጋ ስኖር
በረዶ ሲመታ እንጂ ሲያርፍ አላየሁም ነበር።

ውሻው መጀመሪያ ጮኸበት። ነከሰው። አነጠሰው።
ዘጠኝ ዓመቱን ረስቶ ተንከባለለ፤
የጅብራውን ቆብ በአፍንጫው ጣለ።
ገመዱን አልፈታሁም፤
የጓሳ ጠባቂዎች ውሻ ሲለቀቅ አይወዱም፣
ለቀይ ቀበሮዋ ይሰጋሉ፤ ልክ ናቸው፤
የክትባት ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው።

እኔ ግሬደር ነጂ ነበርኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፤
ከጣርማ በር ሞላሌ፣ ጠጠር ስደለድል፣
ክረምት ያፈረሰውን በጋ ሳስተካክል።
አሁን ዞር ብል
መንገድ የለም።
ቦይ የለ፣ ትከሻ የለ፣ የኪሎሜትር ድንጋይ፤
ያው ነጭ ነው፣ ከእግሬ እስከ ሰማይ።

እሷ ብቅ አለች ያኔ፣
ነጭ ላይ እንደ ወደቀ ፍም።
ውሻው አልጮኸም። እኔም አልተነፈስኩም።
አየችን። ናቀችን መሰለኝ።
አፈር ውስጥ አይጥ ሰማች፤ ጫረች፤ አነሣች፤
በጉሙ ደጃፍ ገባች።
ዱካዋን ስንሻገር ከኛው ተቀላቅሎ
የቱ የዱር ነው፣ የቱ የቤት፣ ማን ያውቃል
አልኩ ለራሴ፤
ውሻው የጠራሁት መስሎት ቀና አለ።

ከዚያ እሱ መራኝ።
ገመዱን ይጎትታል፣ ይቆማል፣ ያሸታል፣ ይጠብቀኛል፤
የመንገድ ሠራተኛ በውሻ ሲመራ
እንኳን ባልደረባ አላየኝ።

ከጥብቁ ሣር ወጥተን ገመዱን ፈታሁት።
ከታች፣ ከገብሱ ዳር፣ ሰው ቆሞ አየሁት፤
እምሩ ነው፣ ኩታውን ተከናንቦ።
የበልጉ ገብስ ፍሬ ሊቋጥር ነበር፤
አሁን ሜዳ ነው፤ የማንም ድንበር
የማይታይበት።
«ያምራል» ልል አፌን ከፍቼ
ዘጋሁት።

ብዙ ቆየን።
አንዲት ዘለላ አውጥቶ በመዳፉ አሞቃት።
«ይነሣ ይሆን?» አለ፣ እኔን ሳያየኝ።

ውሻው ርቋል፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ።
ልጠራው አልኩ። ስሙ እምላሴ ጫፍ ደረሰ።
ዋጥኩት።
ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ
አፏጨሁ።

መጣ እየሮጠ፣ ጀርባው ነጭ፤
መሐላችን ቆሞ አራገፈው፣
ለእምሩም ለእኔም
እኩል ደረሰን።