ቃል በቃል

ሕጉ አጭር ነው፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፤
እሷ «እኔ» ስትል «እኔ» በዪ፤ ብታለቅስም አታልቅሺ።
ስም የለኝም በመስመሩ፤ ቁጥሬ አርባ አራት ሰባ አንድ፣
ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ወንበሬ፣ ግድግዳ እንዳይሰማ የሰው ጉድ።

ኅዳር። ሱ ፎልስ ላይ በረዶው ገና የወንፊት ዱቄት፤
በአንድ ሽቦ ሦስት ሆንን፤ ጠያቂው፣ እኔ፣ አንዲት ሴት።
ወይዘሮ ስንዱ፤ ሃምሳ አራት። በሥጋ ፋብሪካው ወለል
ዐሥራ አንድ ዓመት የአሳማ ትከሻ ከአጥንቱ ስትነጥል፣
አንድ ቀን እንኳ ያልቀመሰችውን፣ ማዕድ ላይ ስሙን ያልጠራችውን፣
ቢላው ቀስ በቀስ ወሰደባት፣ መጨበጥ የሚባለውን።

ስድስት ዓመት ድጎማው ደረሳት። አሁን ፋይሉ ተከፈተ፤
«የዳነ ሰው እንዳይኖር» ነው፤ ደብዳቤው እንዲያ አተተ።
እሷም ስሟን የምትመስል፣ ወረቀቷን በቀን ደርድራ፣
ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፣ ራጅ፣ ደረሰኝ፣ የቀጠሮ ተራ።

«ዛሬ እንዴት ነዎት?» አላት።
«ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»
እኔም በእሱ ቋንቋ፣ ሳልጨምር፣ «ደህና ነኝ።»
ቁልፎቹ ጠብ ጠብ አሉ፣ እንደሚያፈስ ጣሪያ፤ ያን ጊዜ አልከነከነኝ።

«ዐሥር ፓውንድ ያነሣሉ?»
«አንድ ጋሎን ወተት፣ በሁለት እጅ፣ ሕፃን እንደማቀፍ።»
«ምን ያህል ይቀመጣሉ?»
«ወንጌል ሳይነበብ ወጥቼ እጋደማለሁ፣ መኪና ውስጥ፣ በደጃፍ።»
«ፀጉርዎን ማን ያበጥራል?»
ዝም አለች። «ተላጨሁት።»
ሁሉንም አሻገርኩ። ሁሉንም። ምን እንደጻፈ ግን አላየሁት።

ጥር ላይ መስመሩ ሲጮህ ድምጿን ገና ከትንፋሿ ለየሁት።
ሌላ ሠራተኛ ደብዳቤ ያነባል፤ እኔ አቀብላለሁ፤
«ጤናዎ ስለተሻሻለ…» እላታለሁ፤
«ደህና እንደሆኑ በራስዎ አንደበት…» እላታለሁ፤
የዚያን ቀን ቃሌ ማኅተም ለብሶ መጣ፤ መልሼ አጎርሳታለሁ።
«ይግባኝ ይበሉ። በዐሥር ቀን ውስጥ ከጠየቁ ገንዘቡ አይቋረጥም፤
ከተረቱ ግን ይመልሱታል።»
«ልጄ፣ ታዲያ ይሄ ብድር ነው?» አለች። እኔን ነው። መመለስ አይፈቀድም።

ምን ልበለው ያንን ሰው? እኛ ዘንድ «ደህና ነኝ» በር ነው፤
እንግዳ የጓዳን ባዶ እንዳያይ ገርበብ የሚያደርጉት፣
ልጁን ቀብሮ የተመለሰም፣ እግሩ በጄሶ የታሰረም የሚሉት፤
ጠዋት ከልብስ በፊት የምንለብሰው፤
ሰላምታ ምስክር ሆኖ ይቆማል ብሎ ማን ጠረጠረው?

ሰኔ። የይግባኝ ችሎት፣ እሱም በስልክ።
ጠበቃዋ ቆጠረች፤ መኪናው ተሸጧል፤ ክኒኑ ለሁለት ይሰነጠቃል፤
የምትኖረው በእህቷ ልጅ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ጎን፤ ደረጃው ዐሥራ አራት ነው፤ በእጅ ይወጣል።
ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሮ ስንዱ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት?»
ሳምንት ሙሉ አስጠንተዋታል፣ «እንዲህ በዪ» ብለዋት።
አየር ስትስብ ሰማሁ። እጅ ታጥፎ ይቀራል፤ ምላስ ግን እንዳደገ፤
«ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»

አሻገርኩት። ከዚያ ሕጉ የፈቀደልኝን አንዲት ቀዳዳ፣ ሰባት ዓመት ያልነካኋትን፣
«አስተርጓሚዋ ትናገራለች» አልኩ፤ «ይህ ሰላምታ ነው። መልስ አይደለም።»
እጄ የካፖርት እጅጌ ጨብጧል።
«ተመዝግቧል» አለ። ሌላ ምንም አላለም።
ውሳኔው በፖስታ ይመጣል።

መስመሩ ሊዘጋ ሲል እሷ፣
«አንቺስ ልጄ፣ ደህና ነሽ?»
አትጨምሪ፤ አትቀንሺ።
«አስተርጓሚዋን ደህና ነሽ ወይ ትላለች» አልኩ።
ዳኛው፣ «ይሄ አይመዝገብ» አለ።