የጎማው አፍ

ዝናብ የማያውቀው የሊማ ኮረብታ፣
ጉም ብቻ ይለብሳል ከጠዋት እስከ ማታ።
ከዚያ ላይ፣ አሸዋው ከሚንሸራተትበት፣
ጣውላ ለጣጥፈው ነው ሰዎች የሠሩት ቤት።
ቧንቧ አልደረሰም፤ እኔ ነኝ ቧንቧቸው፣
ሳቱርኒኖ ዋንካ፣ የቦቴው ሾፌራቸው።
ጥሩምባ ስነፋ ውሻው ይቀድማል፣
ከኋላው የሴቶች ነጠላ ጫማ ይሰማል።
በርሜሉ ሰማያዊ፣ ክዳኑ የተሰበረ፣
ጆሮው ላይ በሲባጎ ጣሳ የታሰረ።
«ሦስት ሶል ለበርሜል!» ብዬ እጮኻለሁ፣
ስልሳ ሜትር ጎማ ጎትቼ እወጣለሁ፣
ደረጃው ሲያደክመኝ መሬት እጥለዋለሁ።
የወደቀበትን መች ልብ ብዬ!
የዶሮ ኩስ ይሁን፣ የሕፃን ጨርቅ እጣቢ፣
አነሣዋለሁ፣
አፉን በርሜል ውስጥ እሰካለሁ፣
«ንጹሕ ውሃ!» እላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ግን ዴልፊና አልወጣችም፤
በርሜሏ ባዶ ነው፣ እሷ ግን የለችም።
ጎረቤቷ ኢርማ በአገጯ በሩን አሳየችኝ፤
«ዮኔር ነው፣ ልጇ» አለችኝ።
«ገና ዐሥራ አንድ ወሩ፤
ከሦስት ቀን ወዲህ እንደ ውሃ ነው ነገሩ።»

ብቅ አልኩ። ምነው ባላልኩ።
ዓይኑ ጎድጉዷል፣ እርግብግቢቱ ሰርጉዷል፣
ለለቅሶ አፉን ይከፍታል፤
ድምፅ አለ፣ እንባ የለም።
ሠላሳ ዓመት ውሃ ሸጬ
እንዲህ ያለ ድርቅ አላየሁም።

ከጤና ጣቢያ የሰጧትን ዱቄት
አፍልታ ባቀዘቀዘችው ውሃ በጥብጣ፣
አንድ ማንኪያ ታቀምሰዋለች።
ያስታውከዋል። ትጠብቃለች።
እንደገና አንድ ማንኪያ።
አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።
ጎማዬን አየች፣ ደጃፏ ላይ ጭቃ ሲያንጠባጥብ፣
ከዚያ ጥፍሬን፣
ከዚያ በዚያው እጄ የያዝኩትን ቁራሽ ዳቦ።
«ሳቱርኒኖ፣» አለች፣
«ውሃህ ከየት መጣ አልልህም፤
አፉ ግን የት የት ሲልስ ዋለ?»

ያን ማታ ከራሴ ተሟገትኩ።
ጎማው ላይሆን ይችላል፤
ዝንቧ ትሆናለች፣
ከላይ ያለው ክዳን አልባ ጉድጓድ ይሆናል፣
ሁሉ የሚጠልቅበት ያ ጣሳ፣ ማን ያውቃል?
ጥሩ ጠበቃ ነኝ፤
እንቅልፌ ግን ዳኛ ሆኖ ፈረደብኝ።
ተነሣሁ፤ ከቦቴው ጥቂት ቀዳሁ፣
እጄን በሳሙና አሸሁ።
አረፋው ጠቆረ።
ለካ ውሃ ሲያመላልስ የኖረ እጅ
ከውሃ ጋር ሳይተዋወቅ ነው የኖረ።

ዓርብ ጥሩምባዬን አልነፋሁም፤
ፈርቼ፣ ሞተር አጥፍቼ፣
ከደረጃው ሥር ቆሜ አዳመጥኩ።
ለቅሶ ሰማሁ፤ ወፍራም፣ የጠገበ፣ የተቆጣ ለቅሶ።
ዴልፊና በባለ መስመር ጨርቅ አዝላው ወጣች።
ጉንጩ ላይ እንባ ይወርዳል፣
በዚህ ኮረብታ ላይ
እኔ ያልሸጥኩት ውሃ።

ከጉያዋ የልጁን ቆብ አወጣች፣
አረንጓዴ፣ የክር ሥራ፣ ቀቅላ ያሰጣችውን።
ጠቦታል አለች።
የጎማዬን አፍ አጠበች፣ ደገመች፣
ቆቡን አጠለቀችለት፣ በሲባጎ ሸብ አደረገችው።
«በርሜሌ ጋ ስትደርስ እኔ እፈታዋለሁ፤
እጄን ታጥቤ።»

አሁን ውሃ መቅጃው ጋ ሾፌሮቹ ይስቃሉ፤
«ሳቱርኒኖ ጎማ ወለደ!» ይላሉ።
ይበሉ።
ደረጃው ሲያደክመኝ ጫፉን ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ፣
እንደሚያገሳ ሕፃን።
ኢርማ ብቻ ትጠረጥረኛለች፤
«ቆብ ስላደረገ ዋጋው ጨመረ እንዴ?»
«ያው ሦስት ሶል ነው፣» እላታለሁ፣
«አንቺ ክዳን ግዢ።»