የዓርብ ምሳ በአልስተን

ድንጋይ ልናይ ወጣን፣ እኔና ወንድይፍራው፣
የድሮ የእርሳስ ጉድጓድ ነው፣ ተራራው ላይ ያለው፤
መዶሻ በቦርሳ፣ ጭቃ በጫማችን፣
ካፊያው አልተወንም እስከ መድረሻችን።

አልስተን ስንገባ፣ በጥቅምት ወር ዓርብ፣
አውቶቡሱ ሲሄድ አየነው በቅርብ።
“ቀጣዩ በሦስት ነው” አሉን አንድ አሮጊት፤
በእኛ ዘጠኝ መሆኑ ነው፤ የጾም መፍቻ ሰዓት።

ሆድ ግን ሰዓት አያይ፤ ሆድ የራሱ ጌታ፣
እየጎተተ አደረሰን ካንድ የፈረንጅ መሸታ።
“ሦስቱ ቁራዎች” ይላል የበሩ ጽሑፉ፣
ቁራዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱን አጥቦታል ዶፉ።

ከባንኮኒው በላይ ሰሌዳ አለ፣ ጠመኔ ያረፈበት፤
ውይ ያ ሰሌዳ! ያ የሰይጣን ደብዳቤ! ምራቄን ዋጥኩበት፦
“የተራራ በግ፣ በጥቁር ቢራ ሲንተከተክ ያደረ፣
በቅቤ ሊጥ የተሸፈነ፣ በጥብስ ቅጠል የከበረ።”

ዓርብ መሆኑን አውቃለሁ። አውቃለሁ እያልኩ አነበብኩት፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ እንደ ዳዊት ደገምኩት።
ወንድይፍራው አየኝ፤ አንዳች አልተነፈሰ፤
እንዲህ ያለ ዝምታ ስንቱን ሰው ከሰሰ።

እሱ ድንችና አተር፣ “ቅቤ እንዳይነካው” ብሎ አዘዘ፤
እኔ በጉን አልኩ። ምላሴ ቀድሞኝ ለሰሌዳው ታዘዘ።
“መንገደኛ ነኝ” አልኩ በልቤ፣ “መንገደኛ አይገደድ፤
የንስሐ አባቴ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ቀኖና በአውሮፕላን አይሄድ።”

ጠበቅን።
እሳቱ ዳር ተቀመጥን፤ የኤሌክትሪክ ነው ለካ፣
ይንቦገቦጋል እንጂ አያሞቅም፣ እጅህ ቢነካ።
አንድ ሽማግሌ ውሻ ከጠረጴዛው ሥር ተኝቷል፣
ስሙ ባክስተር ነው አሉን፤ ሥጋ ሲሸተው ይነቃል።

መጣ።
ሳህኑ ሰፊ፣ ክብር ያለው፤ ሊጡ እንደ ጉልላት ያበጠ፤
ቢላዬን ብሰካበት እፍ አለና ሰመጠ።
ከሥሩ አየር። ዋሻ። የወና ቤት ጥልቀት፤
ጠዋት ያየነው ጉድጓድ እንኳ ነበረው የማዕድን ምልክት።

ሙያዬ ነውና በሹካዬ ጫፍ ንብርብሩን መረመርኩ፤
ላዩ ቅርፊት፣ ለመዶሻ እንጂ ለጥርስ አይሆንም አልኩ፤
ቀጥሎ ክፍት ቦታ፤ ከሱ በታች ግራጫ ደለል፣
ከደለሉ መሀል አንዲት ካሮት፣ እንደ ቅሪተ አካል፤
ሥጋዋ፣ አንድ ቁራጭ፣ ጥግ ላይ ተሸማቃ፣
በጓ ራሷ የጾመች ይመስል፣ ከስታ፣ ደርቃ።
መሀሉ በረዶ ነው፤ ዳር ዳሩ ምላስ ያቃጥላል፤
በአንድ ሳህን ላይ በጋና ክረምት ተገናኝተዋል።

ወንድይፍራው ድንቹ ላይ የቅቤ ጠብታ አየ፤
በማንኪያ ጫፍ፣ እንደ ቀዶ ሐኪም፣ ቀስ ብሎ ለየ።

መጣ አስተናጋጁ፣ ጠቃጠቆ ያለበት ልጅ፤
“እንዴት ነው ምሳው?” አለን፣ አጣምሮ ሁለት እጅ።
ይሉኝታ የኛ አገር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም፤
አጠገባችን የተቀመጡት አዛውንት ባልና ሚስትም፣
ያው ቅርፊት ተርፎ፣ ያው ደለል ረግቶ በሳህናቸው፣
“ግሩም ነው” አሉት፤ ሰማሁ በጆሮዬ፣ ሁለታቸው።
እኔስ ከማን አንሼ! “ግሩም” አልኩ፣ ጾሜን ሽሬ፤
በአንዲት ምሳ ሁለት ኃጢአት፣ ውሸትም ጨምሬ።

ሥጋዋን ለባክስተር ጣልኩለት፤ ተነሣ፣ አሸተተ፣
አየኝ፤ እሱም ዓርብ የሚጾም ይመስል፣ ዞሮ ተጎለተ።

አሥራ ስድስት ፓውንድ ከሃምሳ። ጉርሻም ጨመርን፤
ምነው ቢሉ፣ የልጁ ዓይን አሳዘነን።

በዘጠኝ አውቶቡሱ መጣ፣ መስኮቱን ጉም ሸፍኖት፤
ወንድይፍራው ፖም አወጣ፣ የናሙናው ድንጋይ ጎኑን አጎድጉዶት።
ለሁለት ከፈለው። ትልቁን ሰጠኝ። እሱ ትንሹን ያዘ።
ከዚያ ሳቁ መጣ፣ እንደ ነጎድጓድ ከሩቅ የተጓዘ።

“ስትናዘዝ” አለኝ፣ “ሌላ ውሸት እንዳትጨምር፤
‘ሥጋ በላሁ’ አትበል፤
‘ፈልጌ አጣሁ’ በል።”