ሄቪዝ፣ በጥር

ሐኪሙ ፎቶውን ከመስኮት ለጥፎ፣
አራትና አምስትን በእርሳሱ ጫፍ ነድፎ፣
«በዚህ መሐል ያለው ትራስ አልቋል» አለኝ፤
የተከራይ ዕቃ የሚቆጥር መሰለኝ።

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ነድቼ፣
የግራዝን ሰው ሁሉ አውርጄ አንሥቼ፣
ካልሲ ለማጥለቅ ልጄን ጠራኋት።
ሳቀች።
ከዚያ ፊቴን አየች።
ሳቋን ዋጠች፤ ተንበረከከች።

ሦስት ሳምንት ታዘዘ። ሄቪዝ። ጥር። በረዶ።
ሐይቁ ግን ይጨሳል፣ እሜዳ መሐል እንደ ድስት ተጥዶ።
ፍል ውሃ ነው እንጂ ጠበል አይባልም፤
ቄስ የለ፣ መስቀል የለ፣ የሚጮኽ ሰው የለም፤
ቁጥር ያለው አምባር፣ የጎማ፣ እጅ ላይ ብቻ፣
እሱው ነው ቲኬቱ፣ እሱው መክፈቻ።

ዐሥራ አንድ ነን። እንፋሎቱ ላይ ዐሥራ አንድ ራስ፣
ዳመና ውስጥ እንደበቀለ ጥቅል ጎመን።
ልጅቱ፣ ቦግላርካ፣ ከዳር ቆማ ፊሽካ ትነፋለች፤
«እምብርት ወደ ውስጥ! ትንፋሽ አትያዙ!» ትላለች፤
እኛም በስፖንጅ ዱላ ተንጠልጥለን፣
የሌለ ብስክሌት ውሃ ውስጥ እንነዳለን።
ሃንጋሪኛ አላውቅም። ሲያማቸው «ያይ» ይላሉ፤
እኛ ዘንድ «ዋይ» ነው። ወገቦች ይግባባሉ።

አጠገቤ ያለው ፒያኖ ተሸካሚ ነበር፤
በቡዳፔስት ደረጃ አምስት ፎቅ፣ ስድስት ፎቅ፣
ከነክዳኑ፣ ከነእግሩ።
አንድም ቀን ሲጫወቱት ቆሞ አልሰማም፤
ሳይቃኝ በፊት ሒሳቡን ተቀብሎ ይወርድ ነበር።
ስሙ ጋሽፓር።
እኔ ዕድሜውን አይቼ ለሁለት ቆረጥሁት፦ ጋሽ ፓር።
ወደደው። ለምን እንደሆነ አልነገርሁትም።

ሰው ስሸከም ኖሬ ውሃ ተሸከመኝ።
ስወጣ ግን ክብደቴ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣
እንደ አበዳሪ፤
«ረሳኸኝ እንዴ?» ይለኛል
ትከሻዬ ላይ እየወጣ።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣
ጋሽ ፓር እጁን ከብረቱ አላቆ ቀና አለ።
እሱ ቀና ሲል፣ ወገቤ ቀና።
ቅናት ይሁን መዳን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁ፤
ብቻ ከመስተዋቱ ጠርዝ በላይ ግንባሬ ሲያልፍ አየሁ።

ማታ ማታ ወለል ላይ ተጋድሜ
ዳሌዬን ሳነሣ፣ ልጄ በስልክ ትቆጥራለች፤
ድምፄ ሲቀጥንባት
ከስድስት ወደ ዘጠኝ ትዘላለች።
እሰማታለሁ። ዝም እላለሁ።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን። መልበሻ ክፍል።
ግራውን ካልሲ፣ ትንፋሼን ሳልይዝ፣ ራሴ አጠለቅሁት።
ቀኙን ይዤ ቀና ብል
ጋሽ ፓር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣
አንዱን አጥልቆ፣
አንዱን በእጁ አንጠልጥሎ፣
እኔን ያያል።